202ን ሳልለቅ 771 አስገባሁ፦ ከሁለት ዓመት በኋላ የምሰጠው አስተያየት

ሱቄ ውስጥ ሁለት ስልክ አለ። አንዱ ከበርበሬው መደርደሪያ አጠገብ ግድግዳ ላይ ነው። በ202 ይጀምራል። ሌላው ከሚዛኑ ጎን የማስቀምጠው ሞባይል ነው። እሱ 771 ነው። በሁለቱም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «እንጀራ ገብቷል?» «ሽሮው ምጥን ነው ወይስ ነጭ?» «እስከ ስንት ሰዓት ናችሁ?»

771 የዋሽንግተን ዲሲ አዲሱ ኤሪያ ኮድ፣ ማለትም ስልክ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያለው የአካባቢ መለያ ሦስት አሃዝ ነው። 202 የቆየው ነው። መሰጠት የጀመረው በኖቬምበር 2021 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እኔ ያስገባሁት በ2023 ጸደይ ላይ፣ ዕቃ እስከ ደንበኛ ቤት ማድረስ ስጀምር ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ መስመር የሚያወጣ ዘመድም ደንበኛም ይጠይቀኛል። «771 ሰጡኝ፤ ልቀበል ወይስ 202 ካልሆነ ልበል?» ይሉኛል። መልሱን አንድ በአንድ ስደጋግም ከረምኩ። አሁን በጽሑፍ ይኸው።

ባጭሩ፣ ተቀበሉ። አገልግሎቱ ደህና ነው። እጃችሁ ላይ 202 ካለ ግን አትልቀቁት። ለምን እንዲህ እንደምል ለመናገር ከአንድ አሮጌ ወጥ ቤት መጀመር አለብኝ።

ዲሲ የገባሁት በ1989 መኸር ነው። አዳምስ ሞርጋን፣ ከኮሎምቢያ ሮድ ገባ ብሎ፣ ከሁለት ሴቶች ጋር አፓርትመንት ተከራይተን እንኖር ነበር። ስልኩ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ነበር። ገመዱ ረጅም ስለሆነ ሽንኩርት እየከተፍን እናወራበታለን። ያኔ እዚህ ላለ ሰው ቁጥራችንን ስንሰጥ ሰባት አሃዝ ብቻ ነው። ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ያለችውን ጓደኛችንን ስንፈልግ ሰባት አሃዝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰባት አሃዝ። ዲሲ ሌላ፣ ሜሪላንድ ሌላ፣ ቨርጂኒያ ሌላ ነው። ግብሩም ሕጉም የየራሱ ነው። በስልክ ግን አንድ ሰፈር ነበርን።

ኤሪያ ኮዱን የምንጽፈው ወደ አገር ቤት በሚሄድ ደብዳቤ ላይ ነው። እሱንም ብዙዎቻችን 202 ብለን ነበር የምንጽፈው። አርሊንግተን የምትኖረውም 202፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረውም 202። ስህተት አልነበረም። ያኔ ከሩቅ የሚደውል ሰው በዋሽንግተን ዙሪያ ላለ ስልክ 202 ብሎ ቢጀምር ይገባለት ነበር። የቨርጂኒያው ትክክለኛ ኮድ 703፣ የሜሪላንዱ 301 ቢሆንም ማለት ነው።

እነዚህ ሦስት ኮዶች የቆዩ ናቸው። በ1947 ለአሜሪካና ለካናዳ 86 ኤሪያ ኮድ ሲመደብ አብረው የወጡ ናቸው። ለአንድ ስቴት በሙሉ አንድ ኮድ ከበቃው መካከለኛው አሃዝ 0 ይሆን ነበር። ከአንድ በላይ ካስፈለገው 1። ስለዚህ ዲሲ 202፣ ሜሪላንድ እንዳለ 301፣ ቨርጂኒያ እንዳለ 703 ሆኑ። ኒው ዮርክ ከተማ 212 የሆነችውም በምክንያት ነው። አዲስ አበባ ጎረቤታችን ቤት ጣት አስገብተው የሚያሽከረክሩት ጥቁር ስልክ ነበር። 1 ወዲያው ትመለሳለች። 0 ግን እየተንቀረፈፈች ስትመለስ ቆሞ መጠበቅ ነው። የአሜሪካን ኮድ የመደቡትም ያንን ዓይነት ስልክ እያሰቡ ነው። ብዙ የሚደወልበት ከተማ ቶሎ የሚሽከረከር ቁጥር ይሰጠው ነበር። ያ ስልክ 1ን በአንድ ምት፣ 2ን በሁለት ምት እያለ ነው የሚልከው፤ 212 በድምሩ አምስት ምት ነው። ቺካጎ 312፣ ሎስ አንጀለስ 213፣ ስድስት ስድስት ምት። 0 አስር ምት ስለሆነች የእኛ 202 አስራ አራት ይሆናል። ቨርጂኒያ 703 ደግሞ ሃያ። ስለ ቁጥር ሳስብ እስከ ዛሬ ያ የጎረቤታችን ስልክ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይመጣል።

ወደ ወጥ ቤቱ ልመለስ። ሁላችንም በሰባት አሃዝ እንድንደዋወል ስልክ ኩባንያው አንድ ነገር መጠበቅ ነበረበት። የሰባቱ አሃዝ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ለአርሊንግተን ከተሰጡ ዲሲም ሲልቨር ስፕሪንግም እንዳይደገሙ። ሦስት ቤት ከአንድ ጎተራ ሲበላ እንደማለት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጎተራው ጎደለ። ኦክቶበር 1 ቀን 1990 ላይ ነገሩ ተቋረጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዲሲ ወደ አርሊንግተን 703ን ጨምሮ አስር አሃዝ መደወል ግድ ሆነ። 202 ለዲሲ ብቻ ቀረ።

እኛ ለምደነው ሳምንትም አልፈጀብን። የአርሊንግተኗ ጓደኛችን ግን ለእናቷ የላከችው ቁጥር በ202 የሚጀምረውን ነበር። አዲሱን ጽፋ የላከችው ደብዳቤ ገና መንገድ ላይ ነበር። የገና ሰሞን እናቷ አዲስ አበባ ስልክ ለማስደወል ሄደው፣ ተራ ጠብቀው፣ ቁጥሩ አልገባ አለ። ሌላ ቀን ተመለሱ። አሁንም አልገባም። ልጄ ምን ሆናብኝ ነው እያሉ ሦስት ሳምንት ከረሙ። በመጨረሻ እኛ ቤት አስደወሉ። የእኛ ስልክ ዲሲ ስለሆነ 202ነቱ አልተነካም።

ያነሳሁት እኔ ነኝ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አለች?»

«ኧረ እማማ፣ ደህና ነች! ቁጥሩ ነው የተቀየረው።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። ደቂቃው እየሄደ፣ ገንዘቡ እየሄደ፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ስለ ቁጥር ሳወራ የማልቀልደው ለዚህ ነው። እዚህ አገር ለምንኖር ሰዎች ቁጥር በር ነው። እናት መጥታ የምታንኳኳው እሱን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነበር። በ1991 የሜሪላንድ 301 ለሁለት ተከፈለ። ባልቲሞርና ምሥራቁ 410 ሆኑ። በእኛ በኩል ያሉት ሲልቨር ስፕሪንግና ሮክቪል 301ን ይዘው ቀሩ። ቨርጂኒያም ቀደም ብሎ በ1973 እነ ሪችመንድን 804 አድርጎ አውጥቶ ነበር። በ1995 ደግሞ እነ ሮአኖክ፣ ዊንቸስተርና ፍሬድሪክስበርግ 540 ሆኑ። 703 ለአሌክሳንድሪያ፣ ለአርሊንግተን፣ ለፌርፋክስና ለአካባቢያቸው ብቻ ቀረ።

እኔ በ1993 ሲልቨር ስፕሪንግ ገባሁ። 301 አገኘሁ። የወጥ ቤቱ ስልክ አዳምስ ሞርጋን ከቀረችው ጓደኛዬ ጋር ቀረ። በ1997 ሜሪላንድ ሌላ ነገር አመጣ። ክልሉን መክፈል ትቶ 240 የሚባለውን ኮድ እዚያው 301 ላይ ደረበው። ያው ሰፈር፣ ያው ሕንፃ፣ ሁለት ኮድ። የፎቁ ጎረቤቴ 301፣ እኔ ያስገባሁት ቢፐር 240። ለጎረቤትም ቢሆን አስር አሃዝ መደወል ግዴታ ሆነ። ያኔ ተቆጥቼ ነበር። ግድግዳ ለሚለየን ሰው አስር አሃዝ!

ዛሬ ነጋዴ ሆኜ ሳየው ግን መደረቡ ይሻላል እላለሁ። ሲከፈል ግማሹ ሕዝብ ቁጥሩ ይቀየርበታል። ምልክት ሰሌዳ፣ ቢዝነስ ካርድ፣ የመኪና ላይ ጽሑፍ፣ አገር ቤት ያለ ዘመድ የያዘው ወረቀት፣ ሁሉም ዋጋ ያጣል። ሲደረብ የማንም ቁጥር አይነካም። ሦስት አሃዝ መጨመር ብቻ ነው። የጓደኛዬ እናት ሦስት ሳምንት እንዳይጨነቁ የሚያደርገው ዘዴ ይኸኛው ነው። በ2000 ሰሜን ቨርጂኒያ 571 በ703 ላይ ተደረበ። እንደ ሜሪላንዱ ሆነ።

ሰዎች «ዲሲ ትንሽ ከተማ ነች፣ 202 እንዴት ያልቃል?» ይላሉ። ጥያቄው ትክክል ነው። አንድ ኤሪያ ኮድ ወደ 7.9 ሚሊዮን ቁጥር ይይዛል። የዲሲ ሕዝብ በ2020 ቆጠራ ወደ 690 ሺህ ነው። ግን ቁጥር የሚይዘው ሰው ብቻ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ቁጥር አለው። ፋክስ ነበር። ቢፐር ነበር። ሞባይል መጣ። አላርም አለ፣ የሊፍት ስልክ አለ። ላዩ ላይ ደግሞ ቁጥር ለኩባንያዎች የሚታደለው በ10 ሺህ ጥቅል ነበር። ሁለት መቶ ደንበኛ ያለው ኩባንያም 10 ሺውን ይዞ ይቀመጣል። ከ2000 ወዲህ ጥቅሉ ወደ 1 ሺህ ሲወርድ ነው ትንፋሽ የተገኘው። 202 ያን ሁሉ ችሎ 74 ዓመት ብቻውን ቆየ። በ2021 እስኪጨናነቅ ድረስ ዲሲ ውስጥ ያለን ሰዎች በሰባት አሃዝ እንደዋወል ነበር።

ሱቁን የከፈትኩት በ2004 ነው። ጓደኛዬ አግብታ ወደ ቨርጂኒያ ልትሄድ ነው። ያን የወጥ ቤት ቁጥር ለስልክ ኩባንያ መመለስ አልሆነላትም። «አንቺ ውሰጂው» አለችኝ። በስሜ አዞርነው። ሱቁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው እሱ ነው። የ1989ኙ ነው። የኢትዮጵያውያን የሎው ፔጅስ ላይ የወጣው እሱ፣ ከረጢቱ ላይ የታተመው እሱ፣ ደንበኞቼ በቃል የያዙት እሱ ነው።

አሁን ወደ 771 እንምጣ።

መጀመሪያ የተቸገርኩት ቁጥሩን ከማስገባቴም በፊት ነው። 771 ሊመጣ ሲል፣ በኦክቶበር 2021 ዲሲ ውስጥ በሰባት አሃዝ መደወል ቀረ። የሱቄ አላርም ሌባ ሲገባ ራሱ የሚደውልበት ቁጥር በሰባት አሃዝ ተሞልቶ ነበር። የገጠመልኝ ድርጅት አንድም ቀን አልነገረኝም። ዲሴምበር ላይ ስሞክረው ዝም አለ። ሁለት ወር ሙሉ ሱቁ ያለ አላርም ነበር ማለት ነው። ሰው ልከው አስተካከሉ። አስከፈሉኝም። የከፋኝ ገንዘቡ አይደለም። አስቀድሞ አንድ ቴክስት ይበቃ ነበር። እናንተም አሮጌ አላርም፣ የበር ኢንተርኮም ወይም ፋክስ ካላችሁ ዛሬውኑ ሞክሩት። የስልካችሁ ማውጫ ውስጥ ኤሪያ ኮድ ሳይጨመርበት የተመዘገበ ቁጥርም አሁን አይደውልም።

መስመሩን ራሱን በተመለከተ ቅሬታ የለኝም። ኮዱ ሂሳብ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። 771 ከ202፣ ከ301፣ ከ703 ጋር ያው የአካባቢ ስልክ ነው። ድምፁ ያው። ቴክስቱ ያው። ኢትዮጵያ ያለ ሰው ሲደውልልኝ 00፣ 1፣ ከዚያ 771 ብሎ ይቀጥላል፤ ይገባል። ከዚህ ወደ አገር ቤት ስትደውሉ ደግሞ 011 ሁለት ትርጉም እንዳለው ልብ በሉ። 011 የአዲስ አበባ የመደበኛ ስልክ ኮድ ነው። እዚህ ደግሞ 011 ከአሜሪካ መውጫ በር ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ለመደወል 011፣ 251፣ 11 ብላችሁ ትቀጥላላችሁ። መሐል ላይ 0ው ይወድቃል። ስንት ደንበኛ የስልክ ካርድ ገዝቶ «አልሠራም» ብሎ መልሶልኛል፤ ችግሩ ያቺ 0 ሆና ተገኝታለች።

771 ከ202 የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። ሰው ልብ አይለውም። ቁጥሩ ንጹሕ ነው። ዛሬ አዲስ 202 ብትጠይቁ የሚሰጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው የተወው ነው። የተተወ ቁጥር ቢያንስ 45 ቀን አርፎ ለሌላ ይሰጣል። 45 ቀን አበዳሪ ይረሳል? አይረሳም። የወንድሜ ሚስት ባለፈው ዓመት ወግ ይዟት 202 ካልሆነ አለች። አገኘች። አሁን በሳምንት ሦስት አራቴ የማታውቀውን ሰው ስም እየጠሩ ስለ መኪና ዕዳ ይጠይቋታል። የልጅ ትምህርት ቤት፣ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ፣ ሁሉ ይመጣባታል። እኔ በ771 ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም እንዲህ ያለ ስልክ አልመጣብኝም። ከእኔ በፊት ማንም አልያዘውማ። ደግሞ የመምረጥ ዕድል ነበረኝ። መጨረሻው ተደጋጋሚ የሆነ፣ በጆሮ የሚያዝ ቁጥር ነው የያዝኩት። በ202 እንደዚያ ያለ ቁጥር ማግኘት ዘበት ነው።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ሰው አያውቀውም።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ፈትነውኛል። አንድ ቅዳሜ ጋሼ የምንላቸው የቆዩ ደንበኛ ለተዝካር መቶ እንጀራ አዝዘው ነበር። ሾፌሩ ደጃፋቸው ደርሶ የሕንፃው በር አልከፈት አለው። በ771 ደወልኩላቸው። አያነሱም። ደገምኩ። አያነሱም። ሦስተኛ ጊዜ ዘጉብኝ። ሾፌሩ ሃያ ደቂቃ ጠብቆ ሌላ ቦታ መሄድ ነበረበት። ያኔ ነው ወደ ግድግዳው ስልክ የሮጥኩት። ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሱ።

«ምነው ልጄ፣ እንጀራው ቀረ እንዴ?»

«ጋሼ፣ ሦስቴ ደወልኩልዎ እኮ!»

«አንቺ ነሽ? እኔ ከአላስካ መስሎኝ። በራስሽ ስልክ አትደውይም?»

ሾፌሩን መለስኩት። ተዝካሩ ደረሰ። ግን እሳቸውን አልፈርድባቸውም። በቀን አምስት አጭበርባሪ በሚደውልበት ዘመን የማያውቁትን ኮድ ማንሳት ለአዛውንት አደገኛ ነው። እኔም ራሴ አላነሳም። 202 ሲሆን ግን ልብ ይረጋል። ዋይት ሐውስ 202 ነው። ምክር ቤቱ 202 ነው። ኤምባሲያችን 202 ነው። ሰው የሚያምነው ቁጥሩን ሳይሆን ያንን ሁሉ ዓመት ነው።

ሌላም አጋጥሞኛል። አንድ ዕቃ አቅራቢ ድረ ገጹ ላይ ቁጥሬን ስሞላ «ትክክለኛ ቁጥር ያስገቡ» እያለ መለሰብኝ። የኮድ ዝርዝሩን አላደሱትም ነበር። ደውዬ ነግሬያቸው ከወር በኋላ ተስተካከለ። አንዳንድ ስልክ ላይ ደግሞ ስደውል «ስፓም»፣ የማይፈለግ ጥሪ ማለት ነው፣ የሚል ጽሑፍ ይወጣ ነበር። ይህኛው ኮዱ ሳይሆን አዲስ ቁጥር በአንዴ ብዙ ሰው ጋ ሲደውል የሚመጣ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አርባ ቤት ስለምደውል እኔ ላይ ወጣ።

እንዲህ አድርጌ አቃለልኩት። ከ771 ከመደወሌ በፊት በአማርኛ ቴክስት እልካለሁ። «ከሱቅ ነው፤ እንጀራዎ መንገድ ላይ ነው» የሚል። የአማርኛ ፊደል ያየ ሰው ያነሳል። ከረጢቱ ላይ ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን አሳተምኩ። ለደንበኞቼ ስልካቸው ላይ እዚያው ሱቁ ውስጥ መዘገብኩላቸው። በዓመቱ «771 የት አገር ነው?» የሚለኝ ሰው በወር አንድ ቢሆን ነው። ዘንድሮ ጭራሽ አልሰማሁም። ይህን ቀድሜም አይቼዋለሁ። በ2001 አሌክሳንድሪያ ሆቴል ስሠራ 571 የያዘች ባልደረባችን ነበረች። ቁጥሯን ስትሰጥ ሁሉም ሁለቴ ያስደግማት ነበር። ዛሬ አሌክሳንድሪያ 571 ያልያዘ ወጣት ፈልጉ እስቲ። ሜሪላንድም በጁን 2023 ሦስተኛውን ኮድ፣ 227ን፣ በ301 እና በ240 ላይ ደርቧል። እሱም ይለመዳል።

አሁን ስለ አሮጌው ቁጥር ጥቂት ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ኩባንያ ስትቀይሩ ቁጥራችሁን ይዛችሁ መሄድ መብታችሁ ነው። ለሞባይል ከኖቬምበር 2003 ጀምሮ በትልልቅ ከተሞች ተፈቅዷል። ፖርት ማድረግ ይባላል። ቀላል ከሆነ በአንድ የሥራ ቀን ያልቃል። አንድ ሕግ ግን አለ። አዲሱ ኩባንያ ቁጥሩን ስቦ እስኪወስድ ድረስ አሮጌውን መስመር አትዝጉ። አንዲት ደንበኛዬ መጀመሪያ ዘጋች። ከዚያ ወደ አዲሱ ሄደች። የተዘጋ መስመር ፖርት አይደረግም አሏት። አስራ ስምንት ዓመት የያዘችው 202 ሄደ። ቴሌግራሟም በዚያ ቁጥር ነበር። ቁጥሩ ነገ ለሌላ ሰው ሲሰጥ የማረጋገጫ ኮዱ የሚሄደው ለእሱ ነው። ባንኳም እንደዚሁ። አንድ ሳምንት ስትሯሯጥ ከረመች። ስለዚህ የአካውንት ቁጥራችሁንና ፒኑን ከአሮጌው ኩባንያ ጠይቁ፣ ለአዲሱ ስጡ፣ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። አዲሱ ስልክ ላይ ከጮኸ በኋላ ነው አሮጌውን የምትረሱት።

ከዲሲ ወጥታችሁ የምትኖሩም ቢሆን 202ን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ዛሬ ኮዱ የት እንደምትኖሩ አይናገርም። ቴክሳስ ቁጭ ብሎ 202 የሚያነሳ ሰው አውቃለሁ። ስልኩን በየቀኑ የማትጠቀሙበት ከሆነም በወር ጥቂት ዶላር ተከፍሎ ቁጥሩን ብቻ የሚያቆዩ አገልግሎቶች አሉ። በኢንተርኔት የሚሠራ ቁጥር የምትወስዱ ደግሞ የምትኖሩበትን አድራሻ ማስመዝገብ እንዳትረሱ። 911 ስትደውሉ የሚታያቸው የተመዘገበው አድራሻ ነው። እህታችን ቤት ቀይራ አድራሻውን ሳትቀይር ቆይታ ነበር፤ እንኳን ሳያስፈልጋት አስተካከለችው።

እንግዲህ ውጤቱ። ለ771 ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ። መስመሩ ንጹሕ ነው። ዋጋው አይለይም። የመምረጥ ዕድል አለው። አንዱን ኮከብ የያዝኩበት ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው፤ ዛሬ የሚያወጣ ሰው ያንን እንኳ በግማሽ ነው የሚያየው። አዲስ ሱቅ የሚከፍት ልጅ ቢጠይቀኝ 202 ፍለጋ ገንዘብ አታውጣ እለዋለሁ። ቁጥር የሚሸጡ ሰዎች ለ202 ተጨማሪ ይጠይቃሉ። ያንን ገንዘብ ለምልክት ሰሌዳው ያውለው።

የወጥ ቤቱን ቁጥር ግን ፖርት አድርጌ አሁን የሚያስከፍለኝ ያነሰ ሌላ ኩባንያ ላይ አስገብቼዋለሁ። ሱቁን ብዘጋም አብሮኝ ይሄዳል።

የጓደኛዬ እናት አሁን ዘጠና ሊሞላቸው ነው። አዲስ አበባ ናቸው። የልጅ ልጃቸው 771ን ስልካቸው ላይ መዝግባላቸዋለች። ባለፈው ፋሲካ ማግስት ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት፣ የግድግዳው ስልክ ጮኸ። እሳቸው ናቸው። ከማውጫ አይደለም የደወሉት። የወጥ ቤቱን ቁጥር በቃላቸው ይዘውታል። «እንኳን አደረሰሽ» አሉኝ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ስለ ልጃቸው ጠየቁኝ፤ ያን ቀን ጠዋት ከራሷ ጋር አውርተው እንደነበረ እያወቅሁ እኔም ደህና ነች አልኳቸው።